ቆሞ ስለሚታይ መኪናና ስለ ትልልቅ ጎማዎቹ የቀረበ አስተያየት

ሥራ የማይሠራ መሣሪያ ሐሰት ቢናገር ጉዳት አለውን? ይህ ጥያቄ ለፍልስፍና ክፍል ጓደኞቻችን የተተወ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ግን ያገኘነው በወርክሾፕ ውስጥ፥ እጃችን በግራሶ እንደ ተለወሰ ነው። ነገሩም የተነሣው በኮሌጃችን ግቢ ለማሳያ ከቆመ ከአንድ አሮጌ መኪና ነው። መኪናውን ከፍ አድርገን ትልልቅ ጎማ ያሰርንለት እኛው ስለ ሆንን፥ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የምንነቅፈው የራሳችንን ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ለመንዳት ሳይሆን ለመታየት የሚዘጋጁ፥ ከተፈጥሯቸው በላይ ጎማ የተሰጣቸው መኪናዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። ከእነዚህም ሁሉ ዝነኛ የሆነው በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ክፍለ ሀገር የተሠራው «ቢግፉት ቁጥር 5» ነው፤ ስሙም «ትልቅ እግር» ማለት ነው። ስለዚህ የራሳችንን ትንሽ ሥራ ከዚህ ታላቅ ሥራ ጎን አቁመን ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ለመመዘን አስበናል።

ሚዛናችንም ይህ ነው፤ ቆሞ የሚታይ መኪና ባይሄድም እንኳ እንዴት ሊሄድ እንደሚችል ለተመልካቹ መናገር አለበት። ይህን መናገር ካልቻለ ደግሞ አለመቻሉን በግልጽ ማሳወቅ አለበት።

፩. የእኛ መኪና እንዴት ከፍ አለ?

መኪናው አራቱም ጎማ የሚነዳ፥ በፊትም በኋላም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ሞተሩና ካምቢዮው አስቀድሞ ወጥቶለት ነበር። የቀድሞ ጎማው ቁመት 30 ኢንች፥ ማለት 76 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፥ ከተጣለ የጭነት መኪና አግኝተን ያሰርንለት ጎማ ግን 40 ኢንች፥ ማለት 102 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አሳባችን በዓመታዊው የሥራ ማሳያ ቀን የእንግዶችን ዓይን የሚስብ ነገር ለማቅረብ ነበር።

ጎማው በ10 ኢንች ሲያድግ መኪናው በስንት ከፍ ይላል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከመካከላችን አብዛኞቹ 10 ብለው መለሱ። ስሕተት ነው። አክስሉ የሚያልፈው በጎማው መካከል ስለ ሆነ፥ ከመሬት የሚርቀው በእድገቱ እኩሌታ በ5 ኢንች ብቻ ነው። የቀረው 5 ኢንች ወደ ላይ፥ ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ለዚህ የሚሆን ቦታ በራሱ አይገኝም፤ ሠሪው ከሌላ ስፍራ ማምጣት አለበት። ይህም ቢሆን መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚበቃ ነው። መሪው ሲጠመዘዝ የጎማው ጥግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጠርጋል፤ ባሌስትራው ሲጫን ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ይዘልቃል፤ ለሁለቱም ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል።

ይህን ቦታ ለማግኘት አራት መንገዶች አሉ። አንደኛው፥ በሻንሲውና በቦዲው መካከል ድጋፍ አስገብቶ ቦዲውን ብቻ ማንሣት ነው፤ ቀላል ነው፥ ነገር ግን ሻንሲው በነበረበት ይቀራል። ሁለተኛው፥ ባሌስትራውን መለወጥ ነው፤ የበለጠ የቀሰተ ባሌስትራ ማስገባት፥ ወይም ከአክስሉ ሥር ታስሮ የነበረውን ከአክስሉ በላይ ማሰር፥ ወይም በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የብረት ቁራጭ መጨመር ይቻላል። ሦስተኛው፥ በጎማው እምብርት አጠገብ ጥርሶች ያሉትን፥ ራሱ አክስሉ ከጎማው መካከል በላይ የሚያልፍበትን ዓይነት መጠቀም ነው፤ በጀርመን አገር የሚሠራው ኡኒሞግ የታወቀው በዚህ ነው። አራተኛው፥ ፓራፋንጎውን መቁረጥ ነው፤ ይህ አንዳች ነገር ከፍ አያደርግም፥ ቦታ ግን ይሰጣል።

እኛ የመረጥነው የሁለተኛውን መንገድ ቀላል ክፍል ነው። ሥራውን ስንጀምር የመኪናው ግንባር ከፋብሪካው ልክ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ አገኘነው፤ ያለ ድካም የተገኘ ትርፍ መስሎን ደስ አለን። ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። አንድ የፊት ባሌስትራ በ1 ሚሊሜትር 30 ኒውተን የሚቀበል ቢሆን፥ ሁለቱ በአንድነት 60 ኒውተን ይቀበላሉ። ሞተርና ካምቢዮ 300 ኪሎ ቢመዝኑ ክብደታቸው 3,000 ኒውተን ያህል ነው፤ ይህ ሁሉ ከፊት ባሌስትራዎች ላይ ቢነሣ መኪናው 50 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። እንግዲህ ያ 5 ሴንቲሜትር የእኛ ሥራ ውጤት አልነበረም፤ የሞተሩ አለመኖር ነበር። ባዶ ሆድ ያቀለለውን ሰው ጤነኛ ነው ብሎ እንደ ማመስገን ያለ ነው።

በዚህ ላይ በፊት አክስል 10 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው የብረት ቁራጭ በሁለት ደርበን አስገባን፤ የኋላውንም ከፊቱ ጋር አስተካከልነው። አሞርዛተሮቹ አጥረው ስላልደረሱ አውጥተን በምትካቸው ጥቁር ቀለም የተቀባ ቧንቧ በየዳቸው አሰርን። ወደ አክስሉ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግም አልደርስ ስላለ ተወነው። በመጨረሻም ጎማው በጊዜ ብዛት እንዳይተኛ ብለን ከሻንሲው ሥር አራት የብረት መቆሚያ አኖርን፤ መቆሚያዎቹም እንዳይታዩ ጥቁር ቀባናቸው።

ሲያዩት አማረ። በማሳያው ቀን ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ሰው የተሰበሰበው በዚህ መኪና ዙሪያ ነበር፤ ልጆች በጎማው አጠገብ እየቆሙ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ እኛም ኮራን።

፪. ሁለት ተመልካቾች

በዚያው ቀን ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ መጡ። እንደ ሌላው ሰው ከሩቅ አላዩም፤ ዝቅ ብለው የመኪናውን ሆድ ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም በእጃቸው የያዙትን ጋዜጣ አጥፈው በአንደኛው ጎማ ሥር ከወዲህ ወዲያ አሳለፉት። ጋዜጣው ሳይቀደድ አለፈ።

«ልጆቼ፥ ይኸ መኪና ተሰቅሏል እንጂ አልቆመም» አሉን።

«አይሄድም እኮ ጋሼ፤ ለማሳያ ነው» አልናቸው።

«ለማሳያ ከሆነማ ምኑን ነው የምታሳዩት?» ብለው ጋዜጣቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፉ።

ይህ ንግግር ቢያሳፍረንም በቶሎ ረሳነው። ያልረሳነው ሁለተኛው ተመልካች ያመጣብንን ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ደብተሩን ይዞ ወደ እኛ መጣ። መምህሩ የአንድን መኪና የፊት እግር ከነተሸካሚው በዓይን አይቶ እንዲሥል አዝዘውት ነበርና፥ በግቢው ያገኘው የእኛን መኪና ስለ ሆነ ከጎኑ ተቀምጦ በትጋት ሣለ። ሥዕሉ ንጹሕ ነበር። በየዳው የታሰረውን ቧንቧ በልኩ ሥሎ በአጠገቡ «አሞርዛተር» ብሎ ጻፈበት። ሁለቱን የብረት ቁራጮች ከነመጋጠሚያቸው አሳየ፤ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ ግን አልሣለውም፥ አላየውምና። መምህሩም ሥራውን በቀይ ሰርዘው ዝቅተኛ ማርክ ሰጡት።

«እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት» አለን። የምንመልስለት ነገር አጣን። እውነትም ያየውን ነው የሣለው፤ ሐሰት የተናገረው ደብተሩ ሳይሆን የእኛ መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ «አይሄድም እኮ» የሚለው ቃል በአፋችን ከበደን። የማይሄድ መኪና ሰው አይገጭም፤ ነገር ግን ሰውን በአሳቡ ሊያሳስተው ይችላል። ማሳያ ሥራው ማሳየት ነውና፥ በማሳየቱ ከበደለ ሌላ የሚመሰገንበት ነገር የለውም።

፫. ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ከተማሪው ጋር ከተነጋገርን በኋላ፥ ያ መኪና በእውነት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ከፍታ ምን ያመጣበት ነበር ብለን በወረቀት ላይ ሠራነው። የዘለልነው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ዘንጉን እንውሰድ። ከካምቢዮው ወደ አክስሉ የሚወርደው ዘንግ 1 ሜትር ርዝመት ቢኖረውና አስቀድሞ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ይል የነበረ ቢሆን፥ ማዘንበሉ 6 ዲግሪ ያህል ነው። በ15 ሴንቲሜትር ከፍ ስናደርገው ግን 25 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ማዘንበሉም ከ14 ዲግሪ ያልፋል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ክሮቼራ እየታጠፈ ሲዞር በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፥ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዘንበሉ ትንሽ ሲሆን ይህ አይሰማም፤ ሲበዛ ግን መኪናውን ያንቀጠቅጣል፥ ክሮቼራውንም ይበላል። የሁለቱ ጫፎች ማዘንበል እኩል ካልሆነም አንዱ የሌላውን ጉድለት ሊያቃና አይችልም። እኛ ዘንጉን በማውጣት ይህን ሁሉ ጥያቄ ከመልሱ ጋር አውጥተን ጣልነው።

ሁለተኛው የብረት ቁራጩ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው አክስሉን ይዞት ሊዞር ይታገላል፤ ባሌስትራውም ይህን ትግል ይመክታል። በመካከል የተደረበው ቁራጭ እንደ ረጅም የብረት ማንሻ ሆኖ የትግሉን ኃይል ያበዛዋል፥ ባሌስትራውንም ያጣምመዋል። ፍሬን ሲያዝ ከባዱ ሥራ የሚወድቀው በፊት እግር ላይ ነው፤ ስለዚህ በፊት አክስል ላይ ቁራጭ መደረብ የማይገባ ሥራ ነው። እኛ ግን የሠራነው ይህንኑ ነው፤ በግቢያችንም ለተማሪ ምሳሌ አድርገን አቆምነው።

ሦስተኛው መሪው ነው። ሻንሲው ከአክስሉ ሲርቅ፥ ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ብረት ያዘነብላል። ባሌስትራው ከፍና ዝቅ ባለ ቍጥር ያዘነበለው ብረት ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ነጂው እጁን ሳያንቀሳቅስ መኪናው መንገድ ይለውጣል። የፍሬኑ ጎማ ቱቦም ካልተረዘመ ይወጠራል።

አራተኛው ሚዛኑ ነው። የግራና የቀኝ ጎማው ርቀት 1.50 ሜትር፥ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት 0.70 ሜትር የሆነ መኪና፥ የባሌስትራውንና የጎማውን መተኛት ትተን ብናሰላው፥ በጎኑ እስከ 47 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ነው የሚገለበጠው። ማዕከሉ ወደ 0.95 ሜትር ከፍ ቢል ግን 38 ዲግሪ ይበቃዋል። የጎማዎቹን ርቀት ወደ 1.80 ሜትር ብናሰፋ ወደ 43 ዲግሪ ይመለሳል። ከዚህ እንደሚታየው ማስረዘም ያለ ማስፋት ጎደሎ ሥራ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ኃይሉ ነው። ጎማ ከ30 ወደ 40 ኢንች ሲያድግ፥ ሞተሩና ጥርሱ ካልተለወጠ፥ መሬትን የሚገፋበት ኃይል ወደ ሦስት አራተኛ ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ ብርቱ የሚመስለው ለዓይን ነው፤ ለሞተሩ ግን ሸክም ነው።

፬. ቢግፉት ቁጥር 5

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ታላቁን ሥራ እንመልከት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። መኪናውን በፎቶግራፍና በፊልም እንጂ በዓይናችን አላየነውም፤ ፍርዳችንም በዚሁ ልክ ይወሰድልን።

በሴንት ሉዊስ ከተማ አካባቢ ይሠራ የነበረ ቦብ ቻንድለር የተባለ ሰው በ1974 የተሠራውን ፎርድ ኤፍ-250 የጭነት መኪና ቀስ በቀስ እያሳደገ የመጀመሪያውን ቢግፉት አወጣ። በ1981 በመስክ ላይ አሮጌ መኪናዎችን እየረገጠ ሲያልፍ በፊልም ተነሣ፤ ዝናውም ከዚያ በኋላ በረታ። የመጀመሪያው መኪና ጎማ 48 ኢንች ደርሶ ነበር። በ1982 የተሠራው ሁለተኛው 66 ኢንች ጎማ አሰረ። ለዚህ ያህል ጎማ የተራ መኪና አክስል ስለማይበቃ ሠሪው ከከባድ ወታደራዊ መኪና የተገኘ አክስል ተጠቀመ። እዚህ ላይ አንድ ምስጋና የሚገባው ነገር እናያለን፤ ጎማው ሲያድግ አክስሉም አብሮ አድጓል፤ ምክንያትና ውጤት አልተለያዩም።

ቁጥር 5 የተሠራው በ1986 ነው። የጎማው ቁመት 10 ጫማ፥ ማለት 3 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የመኪናው ሙሉ ቁመት 4.7 ሜትር ነው። ከመሬት እስከ ጣራው ካለው ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጎማ ነው ማለት ነው። የጎማው መካከል ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ይርቃል፤ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በአጠገቡ ቢቆም እምብርቱ ከትከሻው አጠገብ ይደርሳል። መኪናው በራሱ ኃይል ቢንቀሳቀስም፥ አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው ቆሞ በመታየት ነው።

እነዚህ ጎማዎች ግን ለመታየት አልተሠሩም ነበር። የመጡት በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር በአላስካ ይጠቀምበት ከነበረ የየብስ ባቡር ነው። ያን የመሰለውን ባቡር የሠራው አር. ጂ. ሌቱርኖ የተባለው የታወቀ የመሣሪያ ሠሪ ነው። እርሱ በ1955 ለአንድ የአላስካ የጭነት ድርጅት የሠራው «ስኖ ፍሬይተር» በሰሜን በረዶ ምድር ለሚተከሉ የራዳር ጣቢያዎች ዕቃ እንዲያመላልስ የታሰበ ነበር። ጎማዎቹ 24 ሲሆኑ፥ በእያንዳንዱ እምብርት ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ነበረ፤ ኤሌክትሪኩንም ዲዝል ሞተሮች ያመነጩ ነበር። በዚህ ዓይነት አሠራር ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋ ዘንግ አያስፈልግም፤ ክሮቼራም የለም፤ የማዘንበል ጣጣም የለም። ጎማው ትልቅ የሆነውም በረዶውን በሰፊው ረግጦ እንዳይሰጥም ነው፤ ጉድጓዱን ለመሻገርም ቁመቱ ይረዳዋል። ስለዚህ በዚያ ባቡር ላይ እያንዳንዱ ኢንች ምክንያት ነበረው።

እንግዲህ ነቀፌታችን ይህ ነው። ቁጥር 5 ያን ጎማ ከበረዶው አውጥቶ፥ ከእምብርቱ ሞተር ለይቶ፥ በጭነት መኪና ሥር አኖረው። በደረቅ መሬት ላይ ሲቆም ጎማው የተፈጠረበት ሥራ ከእርሱ ጋር የለም። ተመልካቹ የሚያየው ታላቅነትን ነው፤ የታላቅነትን ምክንያት አያይም። ፎቶግራፉን የሚነሣውም ራሱን ከጎማው ጋር እያስተያየ ነው፤ ወደ አክስሉና ወደ ተሸካሚው ዓይኑን የሚልክ ጥቂት ነው። ሠሪው ከሥር የደከመበት ብልሃት ከላይ በተቀመጠው ግርማ ተሸፍኗል።

ይህን የምንለው መኪናው ሐሰተኛ ነው ለማለት አይደለም። ከእኛ መኪና የሚለየውም በዚህ ነው። ቁጥር 5 ክብደቱን በጎማው ላይ አሳርፎ ይቆማል፥ ራሱንም ያንቀሳቅሳል፤ የአዛውንቱ ጋዜጣ በሥሩ አያልፍም። እውነተኛ ነው፥ ግን ዝምተኛ ነው። የእኛ መኪና በአንጻሩ ተናጋሪ ነበር፥ ግን ሐሰተኛ።

ከሁለቱ የሚሻለውን ለማግኘት ከዚያው ከቻንድለር ሥራ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1989 የወጣው ቢግፉት ቁጥር 8 ሻንሲው ከብረት ቧንቧ የተቀጣጠለ ነው፤ ጎማዎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ረጅም መንገድ እንዲሄዱ ተደርገዋል፤ ናይትሮጅን ጋዝ ያለባቸው ረጃጅም አሞርዛተሮችም ዘሎ ሲወርድ ይቀበሉታል። ጎማው ከቁጥር 5 ጎማ በእጅጉ ያንሳል። ነገር ግን ቆሞ እንኳ ሳለ ወደ ሥሩ ያጎነበሰ ተማሪ፥ ይህ ሁሉ ክፍተት ለምን እንደ ተተወ፥ ጎማው ወዴት እንደሚሄድ፥ ማን እንደሚመልሰው መገመት ይችላል። ከፍታው ራሱን ያስረዳል። ስለዚህ ለአደባባይ ቁጥር 5ን፥ ለትምህርት ቤት ግን ቁጥር 8ን እንመርጣለን።

፭. ሊነሣብን የሚችል መልስ

አንዳንድ ጓደኞቻችን እንዲህ ይሉናል። መኪና ብዙ ዓመት ቆሞ ሲኖር ጎማው በአንድ ወገን ይተኛል፥ ፀሐይም ይሰነጥቀዋል፤ ባሌስትራውም ከክብደት ብዛት ይዝላል። ስለዚህ በመቆሚያ ላይ ማሳረፍ የአጠባበቅ ደንብ ነው እንጂ ማታለል አይደለም። ደግሞም ሕዝብ በሚመጣበት ስፍራ መኪናው እንዳይወዛወዝ ማጽናት ለሰው ደኅንነት ነው፤ ልጅ ቢንጠለጠልበት ማን ይጠየቃል?

ይህ መልስ ትክክል ነው፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። መቆሚያ ማኖር አንድ ነው፤ መቆሚያውን ጥቁር ቀብቶ መደበቅ ሌላ ነው። መቆሚያው በአክስሉ ሥር ቢኖር ጎማው ያርፋል፥ ባሌስትራው ግን ክብደቱን እንደ ተሸከመ በትክክለኛ ቁመቱ ይታያል። በሻንሲው ሥር ቢኖር ባሌስትራውም ያርፋል፥ ቁመቱ ግን ሐሰት ይሆናል። የትኛው እንደሚሻል እንደ መኪናው ዕድሜና እንደ ማሳያው ዓላማ ይወሰናል፤ የተመረጠው ሁሉ ግን በግልጽ መታየት አለበት። የደኅንነቱ ነገርም የሚደግፈው እኛን ነው፤ መቆሚያ መኖሩን ያላወቀ ሰው ነው በግድየለሽነት የሚገፋው፥ የሚንጠለጠልበትም።

ሌሎች ደግሞ ውበትን ይጠቅሳሉ። ማሳያ ደስ ማሰኘት አለበት ይላሉ። እኛም ደስ ማሰኘቱን አንጠላም፤ ያ ተማሪ ወደ መኪናው የቀረበው በመጀመሪያ ስላማረው ነው። ነገር ግን ውበቱ የጠራው ሰው ሲመጣ የሚቀበለው ነገር መኖር አለበት። ጠርቶ ባዶ እጁን መመለስ ከአለመጥራት የከፋ ነው።

፮. ምን አደረግን፥ ምንስ ቀረ?

በዚህ ምክንያት በዕረፍት ሰዓታችን መኪናውን እንደገና ፈታነው። በሞተሩ ስፍራ 300 ኪሎ አሸዋ በከረጢት አድርገን አስቀመጥን፤ ግንባሩ ወዲያው ዝቅ አለ፥ የመኪናውም እውነተኛ ቁመት ታየ። ከፊት አክስል ላይ የብረት ቁራጮቹን አወጣናቸው፤ የጎደለውን ቦታ ፓራፋንጎውን በመቁረጥ አገኘን። ቧንቧዎቹን በመጋዝ ቆርጠን ልካቸው የሆኑ አሮጌ አሞርዛተሮችን አሰርን። መቆሚያዎቹን ወደ አክስሉ ሥር አዛውረን ቢጫ ቀባናቸው።

ያልተቃናው ዘንጉ ነው። የሚደርስ ዘንግ አላገኘንም፤ ብናገኝም ማዘንበሉ የሚበዛ ይመስለናል። ስለዚህ በቦታው አንድ ቀይ ገመድ ከካምቢዮው መቀመጫ እስከ አክስሉ ወጥረን፥ በአጠገቡ በጽሕፈት «ዘንግ የለም፤ ቢኖር በዚህ መስመር ያልፍ ነበር፤ ማዘንበሉን ለካ» የሚል ሰሌዳ ሰቀልን። ከዚያ ወዲህ መኪናው እንደ በፊቱ አይገዝፍም፤ ፎቶግራፍ የሚነሡትም ቀንሰዋል። ገመዱን በፕሮትራክተር ሲለኩ የምናያቸው ተማሪዎች ግን አሉ።

ለሚመጡት ዓመቶች ሦስት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፥ ለማሳያ የሚቆም መኪና ሁሉ ከጎኑ የመጀመሪያው የጎማ ቁመት፥ የአሁኑ ቁመትና በመካከላቸው የተደረገው ለውጥ ተጽፎ ይቀመጥለት። ሁለተኛ፥ የወጣ ዕቃ ካለ ክብደቱ ይተካ፤ ካልተተካም መውጣቱ ይነገር። ሦስተኛ፥ መምህራን ከማሳያ መኪና ሥዕል ከማዘዛቸው በፊት መኪናውን ከሥሩ አጎንብሰው ይመልከቱት።

የዚያ ተማሪ ማርክ ግን አልተመለሰለትም። መምህሩን ብንለምናቸው፥ «ያየውን መሣሉ እውነት ነው፤ ዘንግ የሌለው መኪና እንዴት ይሄዳል ብሎ አለመጠየቁ ግን የእርሱ ጥፋት ነው» ብለው መለሱልን። በዚህም ቃል ውስጥ እውነት አለ፤ ተመልካችም የራሱ ዕዳ አለበት። የእኛ ዕዳ ግን ከእርሱ ይበልጣል፤ እርሱ ሳይጠይቅ ቀረ፥ እኛ ግን እንዳይጠይቅ አድርገን ቀባነው።